ሬሚ ፕሬሳስ፦ ዱላን በዱላ ያስመታው የአርኒስ መምህር

ሬሚጂዮ አማዶር ፕሬሳስ፣ በአጭሩ ሬሚ ፕሬሳስ፣ «ዘመናዊ አርኒስ» የሚባለውን የፊሊፒንስ የዱላ ፍልሚያ ስልት የመሠረተ ሰው ነው። ዲሴምበር 19 ቀን 1936 በኔግሮስ ደሴት፣ ሂኒጋራን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ኦገስት 28 ቀን 2001 ካናዳ ውስጥ፣ በቪክቶሪያ ከተማ አረፈ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ64 ዓመት ዕድሜው ብዙ አገር ዞሯል፣ ብዙ ሰው አስተምሯል፣ ሽልማትም ተቀብሏል። ሥራው ሁሉ ቢጨመቅ ግን የሚወጣው አንድ ነገር ነው፤ ዱላው የሚያርፍበትን ቦታ ቀየረ። ከእሱ በፊት የነበሩ መምህራን ሲያሠለጥኑ የሚመቱት የተማሪውን እጅ ነበር። እሱ ዱላን በዱላ አስመታ። ሲሰሙት ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከፊሊፒንስ ደሴቶች ውጭ አርኒስ የሚሠራ ሰው ዛሬ የሚገኘው በአብዛኛው በዚህች ለውጥና እሷን በመሰሉ ለውጦች ምክንያት ነው።

ሦስት ስም ያለው ጥበብ

ፊሊፒናውያን ለዱላና ለስለት ፍልሚያቸው ሦስት መጠሪያ አላቸው፤ አርኒስ፣ ኤስክሪማና ካሊ። ኤስክሪማ «ኤስግሪማ» ከሚለው የስፔን ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የሰይፍ ግጥሚያ ማለት ነው። አርኒስም የስፔን ሥር አለው፤ «አርኔስ» የጦር ልብስና ጌጥ ነው። በመድረክ ላይ የክርስቲያንና የሙስሊም ጦርነት የሚያሳዩ ቴአትሮች ነበሩ፤ ተዋናዮቹ ከሚለብሱት ጌጠኛ ልብስ ተነሥቶ ስሙ ወደ ፍልሚያው እንደተሻገረ ይነገራል። ካሊ የሚለው ስም ደግሞ በአገር ውስጥ ካለው ይልቅ በውጭ አገር፣ በተለይም በአሜሪካ፣ በብዛት ይሰማል። የትኛው ስም ትክክል ነው የሚለው ክርክር በመምህራኑ መካከል ማለቂያ የለውም። ልዩነቱ ግን በአብዛኛው የአካባቢና የመምህር ልዩነት ነው፤ በቪሳያስ ደሴቶች ኤስክሪማ ይሉታል፣ በሉዞን አርኒስ።

የጥበቡን ታሪክ የሚተርኩ ሁሉ ከአንድ ቀን ይጀምራሉ፤ ከኤፕሪል 27 ቀን 1521። በዚያን ቀን የማክታን ደሴት ሰዎች በላፑላፑ መሪነት፣ ለስፔን ንጉሥ ይጓዝ የነበረውን መርከበኛ ፈርዲናንድ ማጄላንን ባሕር ዳር ላይ ገደሉት። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊው ፒጋፌታ የቀርከሃ ጦርና የመቁረጫ ስለት እንደነበራቸው ጽፏል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አርኒስ የሚል ቃል የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ቢሆንም በፊሊፒንስ የዱላ ትምህርት ቤት ውስጥ ገብቶ የላፑላፑን ስም ሳይሰማ የሚወጣ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ስፔናውያን ጥበቡን በአዋጅ ከልክለውት፣ ሕዝቡ በውዝዋዜና በቴአትር ውስጥ ደብቆ አቆየው የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ታሪኩ ያምራል፣ የጽሑፍ ማስረጃው ግን ስስ ነው። የመድረክ ፍልሚያው መኖሩ እርግጥ ነው፤ ለመደበቅ ነው ወይስ ለመዝናናት የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ከሂኒጋራን እስከ ሴቡ

ኔግሮስ የፊሊፒንስ የስኳር ጎተራ ነው። ሸንኮራ አገዳው ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል፤ አገዳ የሚቆርጠው ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእጁ የማይለየው መቁረጫ ስለት አለው። ሂኒጋራን በደሴቲቱ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ዱላና ስለት በእንዲህ ያለ አገር የጂምናዚየም ዕቃ አይደለም፤ ከሥራና ከጠብ ጋር የተያያዘ የዕለት ኑሮ ነው። ፕሬሳስ ዱላ መያዝ የጀመረው ገና በሕፃንነቱ ሲሆን ያስጨበጡት አያቱ ሊዮን ፕሬሳስ ናቸው። አባቱም ጥበቡን ያውቁት ነበር። ትምህርት ቤት፣ ቀበቶ፣ የክፍያ ደረሰኝ የሚባል ነገር አልነበረም። አያት ለልጅ ልጅ፣ አጎት ለእኅት ልጅ ያስተምራል፤ ከቤተሰብ ውጭ ያለ ሰው ሲመጣ ብልሃቱ ይደበቃል።

ያደገበት ዘመን የጦርነት ዘመን ነበር። ጃፓኖች ፊሊፒንስን ሲይዙ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሲወጡ ስምንት። በ14 ዓመቱ ገደማ ከቤት ወጥቶ ሄደ። ስልት ፍለጋ ደሴት ለደሴት ዞረ፤ በመጨረሻም ኔግሮስን ከሚያዋስናት ጠባብ ባሕር ማዶ ሴቡ ደረሰ።

ሴቡ በዚያን ጊዜ የዱላ ፍልሚያ ዋና ከተማ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1932 የካኜቴና የሳቬድራ ቤተሰቦች ከሌሎች ጋር ሆነው «ዶሴ ፓሬስ» የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ነበር። በ1952 ከዚህ ማኅበር ቬናንሲዮ ባኮን የሚባል ሰው ተገንጥሎ የራሱን ክበብ መሠረተ። አንሲዮንግ እያሉ ይጠሩታል፤ ቀጭንና አጭር ሰው ነበር። ክበቡ ባሊንታዋክ በሚባል መንገድ ላይ ካለ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ጓሮ ይሰበሰብ ስለነበር ስሙም ባሊንታዋክ ሆነ። የሁለቱ ክበቦች ፉክክር ለብዙ ዓመታት ሴቡን ከሁለት ከፍሏት ነበር፤ ግጥሚያውም ሁልጊዜ በሰላም የሚያልቅ አልነበረም።

ባሊንታዋክ ከሌሎቹ የሚለየው በቅርበቱ ነው። የሚያዘው አንድ ዱላ ብቻ ነው። ሁለቱ ተፋላሚዎች ክንድ ለክንድ እስኪነካኩ ተቀራርበው ይቆማሉ። መምህሩ ይሰነዝራል፣ ተማሪው ይመክታል፣ ወዲያው አጸፋውን ይሰነዝራል፣ መምህሩም በተራው ይመክታል። ዱላ ያልያዘው ግራ እጅ ሥራ ፈት አይደለም፤ የባላጋራን ክንድ ይገፋል፣ ይጎትታል፣ ያፍናል፣ ዱላውን ያስጥላል። ፕሬሳስ ይህን የተማረው ቲሞቴዮ ማራንጋን ከመሳሰሉ የባኮን ታላላቅ ተማሪዎች ነው። በኋላ የራሱን ስልት ሲያበጅ ከዚህ ብዙ ወስዷል፤ ምን ያህል እንደወሰደ የታየው ግን ዘግይቶ ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እጅን መምታት

እጅ የሚመታበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል። ዱላ ይዞ የመጣብህን ሰው በቶሎ ለማቆም ራሱን መፈለግ አያስፈልግም፤ ራሱ ሩቅ ነው፣ እጁ ቅርብ ነው። የጨበጠበትን ጣት ወይም የእጁን አንጓ ከመታኸው ዱላው ይወድቃል። ፊሊፒናውያን ይህን የእባብን ጥርስ መንቀል ይሉታል። መሣሪያውን ያጣ ሰው ጥርሱን ያጣ እባብ ነው። ይህን ብልሃት የሚያውቁት እነሱ ብቻ አይደሉም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሙርሲዎች በዶንጋ ግጥሚያ ላይ በቀኝ እጃቸው የሚያጠልቁት የተጠለፈ የእጅ መከላከያ አላቸው፤ ረጅም ዱላ የሚወዛወዝበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰበረው ጣት መሆኑን ከልምድ ስለሚያውቁ ነው።

በድሮው የፊሊፒንስ ልምምድ ግን መከላከያ አልነበረም። ፕሬሳስ ራሱ ደጋግሞ ይተርከው እንደነበረው፣ የቀድሞ መምህራን ዱላውን እንደ ቅዱስ ነገር ያዩት ነበር። ዱላን በዱላ መምታት እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ሲለማመዱም የሚመቱት የተለማማጁን እጅ ወይም የክንዱን አጥንት ነው። ውጤቱን መገመት አያዳግትም። አዲስ ተማሪ ለመጀመሪያ ሳምንት ይመጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት እጁ አብጦ ይመጣል፤ በሦስተኛው አይመጣም።

በዚያው ጊዜ ከጃፓን የመጡት ካራቴና ጁዶ በፊሊፒንስ ከተሞች እየተስፋፉ ነበር። ንጹሕ ነጭ ልብስ፣ ባለ ቀለም ቀበቶ፣ በተርታ ቆሞ መማር፣ ፈተና፣ የምስክር ወረቀት፤ የከተማ ወጣት ይህን ሲያይ የአያቱ ዱላ የገጠሬ ነገር መስሎ ታየው። ፕሬሳስ ራሱ ጁዶና ካራቴን ተምሮ በሁለቱም ጥቁር ቀበቶ ይዟል። ስለዚህ ሰዎቹ ምን ፍለጋ ወደዚያ እንደሚሄዱ ከውስጥ ያውቃል።

መልሱ ቀላል ሆነ። በልምምድ ጊዜ ዱላ ዱላን ይምታ፤ እጅ የሚመታው በእውነተኛው ጠብ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ዱላቸውን ማጋጨት ሲጀምሩ የሚሆነውን ያየ ሰው ለውጡን ወዲያው ይረዳል። አርኒስ የሚሠራበት ዱላ ከራታን ነው። ራታን የወንበርና የጠረጴዛ ዕቃ እንደሚሠራበት የምናውቀው ሐረግ መሰል ተክል ነው። ቀርከሃ ቢመስልም ውስጡ ባዶ ስላልሆነ ሲመታ አይሰነጠቅም፤ ይልቁንም ቃጫ ቃጫ እየሆነ ይለፋል። ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለት ራታኖች በፍጥነት ሲጋጩ ድምፁ ደረቅና ጥርት ያለ ነው። ልምምዱ ሲፋፋም ከዱላዎቹ የተቃጠለ እንጨት የሚመስል ሽታ ይወጣል፤ ሲውል ሲያድር መሐላቸው ይከሰከስና በፕላስተር ይጠቀለላሉ። ተማሪው ግን ጣቱ አልተነካም። የመጀመሪያው ቀን ላይ ይፈራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በሦስተኛው ቀን ይስቃል። የሚስቅ ተማሪ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ከባኮሎድ እስከ ማኒላ

በ1960ዎቹ ፕሬሳስ የኔግሮስ ምዕራባዊ ክፍል ዋና ከተማ በሆነችው ባኮሎድ የማሠልጠኛ ጂም ከፈተ። በዩኒቨርሲቲም የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ሆኖ ሠራ፤ ዱላውም አብሮት ወደ ክፍል ገባ። ከጓሮ ወደ ክፍል መግባት ትንሽ ነገር አይደለም። በጓሮ አንድ መምህር የሚያስተምረው አንድ ተማሪ ነው፣ ትምህርቱም ቅደም ተከተል የለውም። በክፍል ውስጥ አርባ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ስለዚህ ምቶች በቁጥር መጠራት፣ ደረጃዎች መለየት፣ ፈተና መዘጋጀት ነበረበት። ፕሬሳስ ቀበቶ አስገባ፤ እንደ ካራቴ ካታ ብቻውን ሆኖ የሚሠራ «አኞ» የሚባል የእንቅስቃሴ ቅንብርም አስገባ። ስሙንም «ዘመናዊ» አለው። ዘመናዊ የሚለው ቃል ነቀፋ ከአዛውንቶቹ እንደሚያመጣበት ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም። የፈለገው ግን የካራቴ ልብስ ለብሶ በበር የሚያልፈውን ወጣት ነበር።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ማኒላ ሄደና በብሔራዊ የሰውነት ማጎልመሻ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ። ይህ ቦታ ወሳኝ ነበር፤ ከዚያ የሚወጡት ተማሪዎች ራሳቸው በየክፍለ አገሩ የስፖርት አስተማሪ የሚሆኑ ናቸው። የዘመናዊ አርኒስ ፌዴሬሽንም በማኒላ አቋቋመ። በ1974 ስልቱን በሥዕልና በጽሑፍ የሚያብራራ መጽሐፍ አሳተመ። ታናሽ ወንድሙ ኤርኔስቶ፣ በ1945 የተወለደው፣ አብሮት ያስተምር ነበር፤ በኋላ የራሱን ስልት «ኮምባታን» ብሎ መሥርቷል። ሦስተኛው ወንድም ሮቤርቶም የዱላ መምህር ነው። ሦስቱም ከአንድ አያት ዱላ ተቀብለው ሦስት መንገድ ሄዱ።

ማኒላ በዚያን ጊዜ በፕሬዚዳንት ማርኮስ አስቸኳይ አዋጅ ሥር ነበረች፤ አዋጁ የታወጀው በ1972 ነው። በ1975 ብሔራዊ የአርኒስ ማኅበር ሲቋቋም የበላይ ኃላፊው ጄኔራል ፋቢያን ቬር ነበር፤ የማርኮስ የቅርብ ሰውና የጥበቃው አለቃ። አንድ የሰፈር ጥበብ የመንግሥት ጉዳይ ሲሆን የሚመጣው ሁሉ መጣ፤ ገንዘብም፣ ትኩረትም፣ ማን ይምራው የሚል ሽኩቻም። ፕሬሳስ በዚሁ ዓመት ገደማ ሻንጣውን ይዞ አሜሪካ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ በአመዛኙ መንገድ ላይ ያለፈ ነው።

አሜሪካ

ፕሬሳስ አሜሪካ ሲደርስ የፊሊፒንስ ዱላ እዚያ አዲስ አልነበረም። በካሊፎርኒያ ስቶክተን ከተማ፣ በአስፓራገስ እርሻ ላይ ሊሠሩ የመጡ ፊሊፒናውያን ዕድሜ ልካቸውን በምሥጢር ሲለማመዱት ኖረዋል። አንሄል ካባሌስ በ1966 ለሁሉም ክፍት የሆነ ትምህርት ቤት እዚያ ከፍቷል። ልክ እንደ ፕሬሳስ በ1936 የተወለደው ዳን ኢኖሳንቶም የስቶክተን ልጅ ነው፤ የብሩስ ሊ የቅርብ ጓደኛና ተማሪ ስለነበረ ስሙ ከሁሉም በላይ ይታወቃል። የስቶክተን ሰዎች ግን በአመዛኙ እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ያስተምሩ ነበር። ፕሬሳስ ያደረገው ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤት አልከፈተም፣ ይልቁንም ወደ ሌሎች ሰዎች ትምህርት ቤት ሄደ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በአንድ የአሜሪካ ከተማ የካራቴ ወይም የቴኳንዶ ትምህርት ቤት ያለው ሰው ይጋብዘዋል። ዓርብ ማታ ይደርሳል፣ ቅዳሜና እሑድ ያስተምራል፣ ሰኞ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። በበጋ ደግሞ ለሳምንት የሚቆይ የሥልጠና ካምፕ አለ። ይህን ለሃያ አምስት ዓመት አካባቢ ሠራው። ተማሪዎቹ «ፕሮፌሰር» ይሉታል፤ ማዕረጉ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሳይሆን በማርሻል አርት ዓለም የተለመደ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

ለጋባዦቹ የሚነግራቸው ነገር አንድ ነበር፤ የያዛችሁትን ስልት አትጣሉ። አርኒስ በውስጡ አለ፣ እኔ የማሳያችሁ እሱን ነው ይላቸዋል። ይህ የብልህ ነጋዴ አነጋገር ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ በእርግጥም ደንበኛን አያስቀይምም። ነገር ግን እውነትነት አለው። የፊሊፒንስ ጥበብ ከዱላ ጀምሮ ወደ ባዶ እጅ ይሄዳል፤ ዱላ የሚሰነዘርበት ማዕዘን ቡጢ ከሚሰነዘርበት ማዕዘን ጋር አንድ ነው። ሰውነቱ ካወቀው በእጁ ያለው ዱላ ይሁን፣ ቢላዋ ይሁን፣ ባዶ ይሁን ለውጥ የለውም። ካራቴ ለዓመታት የሠራ ሰው የራሱን ምከታ ዱላ ይዞ ሲደግመው ድንገት ለምን እንደዚያ እንደሚንቀሳቀስ ይገባዋል። ብዙዎቹ ለአንድ ቅዳሜ መጥተው ዕድሜ ልካቸውን የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ብላክ ቤልት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1982 የዓመቱ አሠልጣኝ አድርጎ መረጠው፤ በ1994 ደግሞ የዓመቱ የመሣሪያ ፍልሚያ አሠልጣኝ አለው። በእነዚህ ዓመታት ከሌሎች ሁለት ታዋቂ መምህራን ጋር አብሮ ይዞር ነበር። አንዱ ከሃዋይ የመጣውና ጁጂትሱን በትንንሽ የእጅ አንጓ ሽክርክሪት ያሻሻለው ዎሊ ጄይ ነው። ሌላው የነርቭ ነጥቦችን በመምታት የሚታወቀው ጆርጅ ዲልማን ነው። ሦስቱ በአንድ መድረክ ላይ እየተፈራረቁ ያስተምራሉ። የዲልማን ትምህርት ብዙ ክርክር ያስነሣ ነው። የዎሊ ጄይ ተጽዕኖ ግን በፕሬሳስ የጣትና የእጅ አንጓ ቁልፎች ላይ በግልጽ ይታያል።

በልምምድ ሜዳ ላይ

የዘመናዊ አርኒስ ትምህርት የሚጀምረው ከአሥራ ሁለት ምቶች ነው። ቁጥራቸው የሚያመለክተው ዱላውን ሳይሆን የሚያርፍበትን ቦታ ነው። አንድና ሁለት ግራና ቀኝ የጆሮ ግንድ ናቸው፣ አምስት ወደ ሆድ የሚሰነዘር ውጋት ነው፣ አሥራ ሁለት መሐል አናት። መምህሩ ቁጥር ሲጠራ ተማሪው ቦታውን ማወቅ አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው የሕፃናት የቁጥር ትምህርት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ማንኛውም ከላይ ከቀኝ የሚመጣ ነገር፣ ዱላም ይሁን ጠርሙስ፣ ቁጥር አንድ ነው። ሰው የመጣበትን ነገር ዓይነት ከማሰብ ይገላገላል።

ቀጥሎ ሲናዋሊ አለ። ሳዋሊ በፊሊፒንስ ከቀርከሃ ስንጥር እየተጠላለፈ የሚሠራ የቤት ግድግዳ ነው፤ አንዱ ስንጥር ከላይ ያልፋል፣ ቀጣዩ ከታች። በሲናዋሊ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ዱላ ይይዛል፤ ዱላዎቹም በአየር ላይ እንደዚያ ግድግዳ ይጠላለፋሉ። ቀኝ ከላይ ይወርዳል፣ ግራ ከብብት ሥር ይወጣል፣ ቀኝ ይመለሳል፤ ከዚያ ሁሉም በግራ ይደገማል። ስድስት ምት ነው። መጀመሪያ በቀስታ፣ እየቆጠሩ ይሠራሉ፤ ቆይተው መቁጠሩ ይቀርና ድምፁ ራሱ ይመራቸዋል። የተሳሳተው ሰው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ይታወቃል፤ ምቱ ይሰበራል። ፕሬሳስ ለዚህ ፍሰት ለሚባለው ነገር ከሁሉም በላይ ዋጋ ይሰጥ ነበር። እንቅስቃሴ ቆሞ እንደገና መጀመር የለበትም፣ አንዱ ከሌላው መወለድ አለበት።

ዱላ ማስጣልም አለ፤ ተመልካች የሚወደው ይሄኛውን ነው። የባላጋራህን ምት ትመክታለህ፣ በግራ እጅህ ዱላውን ከጨበጠበት በላይ ትይዛለህ፣ በክርንህ ወይም በራስህ ዱላ ትጠመዝዘዋለህ፤ ዱላው ከእጁ ተፈልቅቆ ይወጣል። ፕሬሳስ ሲያሳየው ዓይን አይከተለውም ነበር። የእጅ አንጓን ተፈጥሮ ያወቀ ሰው ግን ጉልበት እንደማይፈልግ ይረዳል፤ አውራ ጣት ብቻውን አራቱን ጣቶች መርዳት ወደማይችልበት አቅጣጫ መግፋት ይበቃል።

የተነሣበት ነቀፋ

በዘመናዊ አርኒስ ላይ የሚነሣው ነቀፋ ከለውጡ ጋር የተወለደ ነው። ዱላን ዱላ እንዲመታ ያለማመዱት ሰው በጠብ ጊዜም ዱላ ይመታል፤ የለመደ እጅ ሌላ አያውቅም። በሴቡ የሚኖሩ አንዳንድ የባሊንታዋክ ሰዎች ሲናዋሊን ሲያዩ ጭፈራ ነው ይላሉ። ሁለት ሰዎች ተስማምተው ዱላ ሲያጋጩ ያምራል፤ ነገር ግን ባላጋራ አይስማማም። ይህ ነቀፋ እውነት አለው፣ ችላ ሊባልም አይገባውም። በቅዳሜና እሑድ ሥልጠና ጥቁር ቀበቶ ይዘው የወጡ፣ አንድ ቀን እንኳ በጭንብል ተሸፍነው ያልተደባደቡ ብዙዎች አሉ።

ለዚህ መልስ የሚሆነው የፕሬሳስ የመጨረሻ ዓመታት ሥራ ነው። ወደ ሕይወቱ መጨረሻ ላይ ትኩረቱን «ታፒ ታፒ» ወደሚባለው ክፍል አዞረ። እዚህ ሁለቱ ሰዎች በክንድ ርቀት ይቆማሉ፣ አንድ አንድ ዱላ ይይዛሉ፣ ግራ እጃቸው ነጻ ነው። መምህሩ ይሰነዝራል፣ ተማሪው ይመክታል፣ ግራ እጆች እየተፈላለጉ ይነካካሉ፤ መምህሩ ተማሪውን ወደ ወጥመድ ይመራዋል፣ በፈለገበት ሰዓት ይቆልፈዋል። በሴቡ የሰዓት ሱቅ ጓሮ የነበረውን ያየ ሰው ይህን ቢያይ ለይቶ ማወቅ አያቅተውም። ባሊንታዋክ ነው፤ በሌላ ስም፣ በሌላ አገር፣ ለሌላ ዓይነት ተማሪ ተመልሶ የመጣ። በእኔ ግምት ፕሬሳስ ሙሉውን ትምህርት ከመጀመሪያ ጀምሮ ያውቀው ነበር። ከዳርቻው የጀመረው ሰዎችን ላለማስደንገጥ ነው፤ መሐሉን ያሳየው ለረጅም ጊዜ አብረውት ለቆዩት ብቻ ነው። በአንድ ቅዳሜ የመጣው ሰው ሲናዋሊን ይዞ ሄደ። ሃያ ዓመት የተከተለው ታፒ ታፒን አገኘ። ሁለቱም አርኒስ እናውቃለን ይላሉ።

ከሞቱ በኋላ

ፕሬሳስ በካንሰር ታምሞ በ2001 ሲሞት አንድ ወራሽ አልሰየመም። ተማሪዎቹ ተከፋፈሉ፤ ዛሬ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የእሱን ስልት የሚያስተምሩ በርካታ ድርጅቶች አሉ። እያንዳንዳቸው የሚይዙት ከእሱ ጋር በቆዩበት ዘመን ያስተማራቸውን ነው። በ1980ዎቹ አብረውት የነበሩት አኞና ሲናዋሊ ያጠብቃሉ፤ በ1990ዎቹ የመጡት ታፒ ታፒን። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን አልጨረስክም ይለዋል። የፕሬሳስ ልጆችም ያስተምራሉ። ወንድሙ ኤርኔስቶ በ2010 አረፈ። በሴቡ ዶሴ ፓሬስ ሲመሠረት ከነበሩት መካከል በሕይወት የቀረው ሲሪያኮ ካኜቴ በ1919 ተወልዶ በ2016 በ96 ዓመቱ ሞተ፤ ከእሱ ጋር አንድ ትውልድ ተዘጋ።

በአገር ቤት አርኒስ ሌላ መንገድ ያዘ። ዲሴምበር 11 ቀን 2009 ፕሬዚዳንት ግሎሪያ ማካፓጋል አሮዮ የሪፐብሊኩን 9850ኛ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ አርኒስን የፊሊፒንስ ብሔራዊ የማርሻል አርት ስፖርት አደረገው፤ በትምህርት ቤቶች የሰውነት ማጎልመሻ ውስጥ እንዲካተት፣ በዓመታዊው የትምህርት ቤቶች ውድድርም ቀዳሚ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ከሁሉም ስሞች «አርኒስ» የተመረጠው በሕግ ሲሆን ኤስክሪማ የሚሉት የሴቡ ሰዎች አልተደሰቱም። በ2019 ፊሊፒንስ ባዘጋጀችው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታ ለአርኒስ 20 የወርቅ ሜዳሊያ ቀርቦ አስተናጋጇ 14ቱን ወሰደች። ጎረቤቶቿ የተቀሩትን ተካፈሉ፤ ማለትም ስልቱ ከደሴቶቹ ወጥቷል።

በውድድሩ የሚያዘው ዱላ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዳኞች በሚመለከቱት የአኞ ውድድር ላይ የሚያዝ ነው። ሁለተኛው ለግጥሚያ በስፖንጅ የተሸፈነ ዱላ ነው፤ ተወዳዳሪው ጭንብልና የደረት መከላከያ ያደርጋል። በዚህኛው ነጥብ የሚቆጠረው ዱላው ሰውነት ላይ ሲያርፍ ነው። ዱላ ዱላን ከመታ ምንም ነጥብ የለውም።